ኤሮቢክስ ልጀምር ብዬ ከበር ተመለስኩ

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም እትዬ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የ37 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሥራዬ ሒሳብ ነው። ጠዋት ወንበር ላይ ቁጭ ያልኩ ማታ ነው የምነሳው። ባለፈው ወር ራሴን ሲያመኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ግፊቴ 138 በ88 ሆነ። መድኃኒት አልታዘዘልኝም። «እንቅስቃሴ ጀምሪ፣ ጨው ቀንሺ፣ ከወር በኋላ መጥተሽ ተለኪ» ተባልኩ።

ጎረቤቴ ፒያሳ አካባቢ ኤሮቢክስ ትሠራለች። ነይ ብላኝ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ስጨርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ወደ ውስጥ ሳይ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፤ ሙዚቃው ይጮሃል፤ ወጣት ሴቶች ይዘላሉ። እኔ በሒጃብና በረጅም ቀሚስ ቆሜያለሁ። ማንም ሳያየኝ ተመልሼ ወረድኩ። ለጎረቤቴ አሞኝ ነው አልኳት። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

እንደኔ ያለ ሰው መጀመሪያ ቤቱ ትንሽ ሠርቶ፣ ክብደት ቀንሶ ነው የሚገባው? ምን ልልበስ? በሳምንት ስንት ቀን ይበቃኛል? ጉልበቴም ቁጭ ብድግ ስል ቀጭ ቀጭ ይላል። ረመዳን ሲመጣስ ላቋርጥ ነው?
ከበር የተመለስኩት፣ ከደሴ

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እህቴ። አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ያቺን ደረጃ እኔም አውቃታለሁ።

ለ19 ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበርኩ። ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ለራሴ ምንም ስፖርት አልሠራሁም። በ43 ዓመቴ እዚሁ ደሴ አንድ ጂም ተመዘገብኩ። ክላሱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቡና ብቻ ጠጥቼ ወጣሁ። ስፖርት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ ብዬ ፊተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። አሠልጣኙ አዲስ መሆኔን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ስኳት (ቁጭ ብድግ) ሲባል ከ20 ዓመት ልጆች እኩል ወረድኩ። ዝላይ ሲባል እኩል ዘለልኩ። ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ዓይኔ ጨለመብኝ። ግድግዳውን ይዤ ቁጭ አልኩ። «ተነሺ! ማረፍ የለም!» የሚል ድምፅ ከፊት መጣ። ተነሳሁ። በነጋታው ጭኔ እንጨት ሆኖ አደረ። ወደ ሥራ የሚወስደኝን ቁልቁለት አጥር እየያዝኩ፣ የኋሊት እየተራመድኩ ነው የወረድኩት። ወደዚያ ጂም አልተመለስኩም። የወሩ ክፍያም እዚያው ቀረ።

ከዓመት በኋላ ሌላ ቦታ እንደገና ጀመርኩ፤ እስከ ዛሬ አለሁ። አቅሜ በዚያ ዓመት አልጨመረም። የለወጥኩት የመጀመሪያውን ወር አሠራሬን ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ሲገቡም ሲቀሩም አይቻለሁ። የሚቀሩት ደካሞቹ አይደሉም። በመጀመሪያው ቀን ከነባሮቹ እኩል ልሥራ ያሉት ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሠርተሽ፣ ክብደት ቀንሰሽ እንድትገቢ አልመክርሽም። እንዳለሽ ግቢ፤ ግን ለአንድ ወር ግማሹን ብቻ ሥሪ። አሥር ሲሉ አምስት። ሲዘሉ አንቺ እርገጪ። ሦስት ዙር ሲሠሩ ከሁለተኛው በኋላ ውሃሽን ጠጪና በዝግታ እየተራመድሽ ጠብቂያቸው። የዚያ ወር ሥራሽ መምጣት ነው። ሰውነትሽ ከለመደ በኋላ ራሱ ጨምሪልኝ ይልሻል።

የወር ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት አንድ ቀን ከፍለሽ መሞከር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ክላሱ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ድረሺና አሠልጣኙን ለብቻው አነጋግሪው። አዲስ መሆንሽን፣ የግፊትሽን ቁጥር፣ የጉልበትሽን ነገር ንገሪው። ከዚያ መልሱን አድምጪ። «ይሄን እንቅስቃሴ በዚህ ትቀይሪዋለሽ፣ ሲደክምሽ ምልክት ስጪኝ» ካለሽ ጥሩ ሰው አግኝተሻል። «ችግር የለም፣ ይለቅሻል» ብሎ ካለፈሽ ሌላ ጂም ፈልጊ። እኔ ጂም የምመርጠው በዚህ ነው። ማሽኑና መስታወቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

አቋቋምሽንም እንድታስቢበት እፈልጋለሁ። ጀማሪ ሁሉ የኋለኛውን መስመር ይመርጣል፤ እዚያ የሚሸሸግ ይመስለዋል። ክላሱ ፊቱን ወደ ኋላ ሲያዞር ግን የኋለኛው መስመር ፊት ይሆናል! የምትከተይው ሰው ታጪያለሽ። ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ወደ ጠርዝ ጠጋ ብለሽ፣ የአሠልጣኙ እግር በሚታይሽ ቦታ ቁሚ። ኤሮቢክስ የሚሄደው በስምንት ቆጠራ ነው። እጅና እግር አልገናኝ ሲልሽ እጁን ተዪው። ወገብሽን ይዘሽ እግሩን ብቻ ተከተይ። እግሩ ሲገባሽ እጁ ይመጣል። ሰርግ ላይ ጭብጨባው ሲደምቅ ትከሻሽ ማንም ሳያስተምረው ምቱን ያገኘው የለ? ይሄም እንደዚያው ነው፤ ጥቂት ቀን መስማት ይፈልጋል።

መስታወቱ ያስፈራሽ ይመስለኛል። የተሰቀለው ወገብሽ መጉበጡን፣ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ መታጠፉን ራስሽ እንድታዪ ነው። ላብ ዓይኑ ውስጥ የገባ፣ ቆጠራ እንዳያመልጠው የሚጨነቅ ሰው አንቺን የሚያይበት ጊዜ የለውም። ይሄን ከውስጥ ሆኜ ስለማውቀው ነው የምነግርሽ።

ስለ ትንፋሽሽ ደግሞ ራስሽን አትውቀሺ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየትንፋሹ የምናገኘው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች። ከዚያ መጥቶ እኛ ጋ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለከልካል። አንቺ የምትኖሪበት አየር ስለሆነ ለምደሽዋል፤ የጎደለሽ ልምምድ ነው። የድካምሽን መጠን በወሬ ለኪው። እየሠራሽ አጠር ያለ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልሽ ልክ ነሽ። ሁለት ቃል ብለሽ ትንፋሽ ካጠረሽ ቀንሺ። ዘፈን መዝፈን ከቻልሽ ትንሽ ጨምሪ። ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲያለብስ ሰውነት ቶሎ አይሞቅም። በተለይ በሐምሌ ማሟሟቂያውን ከ10 ደቂቃ አታሳንሺው። አርፍደሽ ከደረስሽም ጥግ ላይ ለብቻሽ አሟሙቀሽ ግቢ።

የግፊትሽ ቁጥር ከስፖርት የሚያግድሽ አይደለም። እንዲያውም ጤና ጣቢያ የተነገረሽ ይሄንኑ ነው። ለመለካት ስትመለሺ የቡድን ክላስ ልጀምር ነው ብለሽ ንገሪያቸው። ዳምቤል (በእጅ የሚያዝ ክብደት) ስታነሺ ግን ትንፋሽሽን አትያዢ። ስታነሺ አውጪ፣ ስታወርጂ አስገቢ። ትንፋሽ አፍኖ ማንሳት ግፊትን ባንድ ጊዜ ሽቅብ ይሰደዋል። ስትለኪ 180 በ110 ካለፈ የዚያን ቀን ስፖርት የለም፤ የሚኬደው ሐኪም ዘንድ ነው። ስትሠሪ ደረትሽን ከጨመቀሽ ወይም ራስሽን ሊያስትሽ ካለም እንዲሁ። አሠልጣኙ ምንም ቢል አቁሚ።

ጉልበትሽ ቀጭ ቀጭ ማለቱ ሕመምና እብጠት ከሌለው ብዙውን ጊዜ አያስጋም። ካመመሽ ወይም ካበጠ አስመርምሪው። ለጊዜው ዝላይ ይቅርብሽ። ስኳት ስትሠሪ ከኋላሽ ወንበር አድርጊ። መቀመጫሽ ወንበሩን ነካ ሲያደርግ ተነሺ። ወንበር ከሌለ ግማሽ መንገድ ይበቃል።

ልብስ ቀላል ነው። ሰፋ ያለ የጥጥ ቱታና እስከ ጭን የሚደርስ ረጅም ቲሸርት ልበሺ። ሒጃብሽ የማይንሸራተት፣ ቀለል ያለ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚገባ ይሁን። የሚወዛወዝ ጫፍ ዳምቤል ላይ ይጠመጠማል። ረጅም ቀሚስ ግን ለስቴፕ (ሳጥን ላይ ለመውጣትና ለመውረድ) አደገኛ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ስትወጪ ትረግጪዋለሽ። እኛ ክላስ ውስጥ ከግማሽ በላይ ሴቶች ተሸፋፍነው ነው የሚሠሩት። ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ያላቸው ጂሞችም አሉ፤ ጠይቂ። ጫማው ላይ ግን አትሰስቺ። ገበያ ሂደሽ ጫማውን በሁለት እጅሽ ይዘሽ እጠፊው። ጣቶች ጋ መታጠፍ አለበት። መሐል ለመሐል እንደ ነጠላ ጫማ ከታጠፈ ተዪው። ተረከዙን በአውራ ጣትሽ ጫን በዪው፤ ቶሎ የሚሟሽሽ ከሆነ ለዝላይ አይሆንም። ከሰዓት ሂጂ፤ እግር ያኔ ትንሽ ያብጣል። ካልሲ አድርገሽ ሞክሪው።

በሳምንት 3 ቀን ይበቃሻል፤ ቀን እያለፍሽ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። ቢያንስ 2 ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨመርበታል። የ50 ደቂቃ ክላስ ሦስት ጊዜ 150 ሆነ ማለት ነው። ዳምቤልና ፑሽ አፕ ያለበት ክላስ ከሆነ ጡንቻውም ተካቷል። ቀኖቹን ከአሁኑ ቁረጪ፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ በይና ለቤተሰብሽ አስታውቂ። «ሲመቸኝ እሄዳለሁ» ያለች ሴት ቤት ውስጥ ሥራ አያልቅላትም።

በማግስቱ ሰውነትሽ ይታመማል። ሕመሙ በሁለተኛው ቀን ሊብስ ይችላል፤ ከዚያ ይለቃል። አትተኚለት፤ በእግርሽ ተንቀሳቀሺ፣ ውሃ ጠጪ። ሽንትሽ እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ። ከአቅም በላይ የተሠራ ጡንቻ ተጎድቶ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ይሄ በአብዛኛው የሚመጣው በዚያ ከነባሮቹ እኩል በሚሠራ የመጀመሪያ ቀን ነው። ግማሹን ብቻ ሥሪ ማለቴ ለዚህም ጭምር ነው።

ረመዳንን አታቋርጪበት፤ ሰዓቱን ቀይሪበት። በቀን ጾም ላይ ውሃ ስለማትጠጪ ላብ የሚያስወርድ ሥራ ይቅር። አፍጥረሽ፣ ምግቡ ትንሽ ከወረደልሽ በኋላ ሥሪ። ካልተመቸሽ ከማፍጠሪያው በፊት ለ20 ደቂቃ ቀለል አድርጊው፤ ውሃው ወዲያው ይደርስልሻል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በ5 ቀን ልዩነት ነበር የገቡት። ክላሳችን ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጿሚ ሆነ። ተመካከርንና ሰዓቱን ወደ ማታ ቀየርነው። ሁዳዴ ጿሚዎቹ ቴምር ይዘው መጡ፤ እኛ ወሎዬዎች እንዲህ ነን። በዚያ ወር ዙሩን ቀነስን እንጂ አልዘጋንም። ሽሮውንና ምስሩን ደህና አድርጎ የበላ ጿሚ ጡንቻው አይጎዳም።

አሁን ለጎረቤትሽ ደውይላት። አላመመኝም ነበር፣ ፈርቼ ነው በያት። ቡና ላይ አንድ ሰው ሲቀር «ምን ሆና ነው?» ተብሎ በሩ የሚንኳኳው የለ? ክላሱም እንዲሁ ነው። ሁለት ቀን ስትቀሪ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ ሦስተኛው ላይ ትመጫለሽ። ያንን ደረጃ ከእሷ ጋር ውጪው። በየፎቁ ቆም እያላችሁ፣ እያወራችሁ። ከመሄድሽ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ብዪ። ቡና ብቻ ጠጥተሽ እንዳትወጪ አደራ።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጇ። 54 ዓመቴ ነው፤ ኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ስኳር አለብኝ፤ ግሊቤንክላማይድ የሚባል ክኒን እወስዳለሁ። ልጄ የምትሠራበት ጂም የማታ ክላስ አለ፤ አብረን እንሥራ ትለኛለች። ይፈቀድልኛል?
አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንቅስቃሴ ለስኳር በጣም ይጠቅማል። ልጅዎ ደግሞ ከማንም የተሻለች ጓደኛ ናት። መጀመሪያ ግን የሚከታተልዎትን ሐኪም ያማክሩ። የሚወስዱት ክኒን ከስፖርት ጋር ሲገናኝ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። ከክላስ በፊት ይለኩ። ባዶ ሆድዎን አይግቡ። ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር ይኑር። ላብ ላብ ካለዎ፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ግራ ከተጋቡ ወዲያው ያቁሙና ከረሜላውን ወይም ስኳሩን ይብሉ። የማታ ስፖርት ውጤቱ ሌሊትም ሊቀጥል ስለሚችል ራት ሳይበሉ አይተኙ።

ማታ ቤት ሲገቡ ካልሲውን አውልቀው እግርዎን ከላይም ከሥርም፣ በጣቶች መሐልም በብርሃን ይዩት። ስኳር ያለበት እግር ጫማ ሲልጠው ላይሰማው ይችላል። ለአሠልጣኙም ስኳር እንዳለብዎት፣ ከረሜላው የት ኪስ እንዳለ ይንገሩት። ልጅዎም ትወቀው።