ሃርፕሲኮርዱ ጠባዩ ነው ወይስ ተበላሽቷል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ጀርመን ነው። ለመዘምራን ቡድናችን ያገለገለ ሃርፕሲኮርድ (ፒያኖ የሚመስል የድሮ ባለ ክር መሣሪያ) ገዛን። ኪቦርዱ አንድ፣ የክሩ ረድፍ ሁለት ነው። ግማሾቻችን ድምፁን ወደነዋል፤ ሌሎቹ «ቆርቆሮ ነው» ይላሉ። አንዳንዱ ቁልፍ ይጮኻል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይሰማም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ አንዱ ቁልፍ ጮኾ ጎረቤቱ ካልተሰማ እሱ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፣ ብልሽት ነው። መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ፤ ክርክሩ ይደርሳል።

ፒያኖ ክሩን በመዶሻ ይመታል። ሃርፕሲኮርድ ግን ቆንጠር አድርጎ ይለቀዋል። ቁልፉን ስትጫኚ ጃክ የሚባለው ቀጭን ዘንግ ይነሳና ጎኑ ላይ ያለችው መምቻ ክሩን ነክታ ታልፋለች። ድሮ ከወፍ ላባ ትሠራ ነበር፤ ዛሬ በብዛት ዴልሪን የሚባል ፕላስቲክ ናት። ጣጣው ሁሉ እሷ ላይ ነው።

የሚጮኸውን ጃክ አውጥተሽ ከጎረቤቱ ጋር አስተያዪው። መምቻዋ ክሩን አልፋ መውጣት ያለባት ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ነው። ከረዘመች ጫፏን በጣም በትንሹ ቁረጪ። ርዝመቷ ልክ ሆኖ ድምፁ ከጠነከረ ደግሞ በስለታም ምላጭ ከሥር በኩል ፋቅ አድርጊያት። የላይኛውን ፊቷን እንዳትነኪ! ክሩን የሚያገኘው እሱ ነው። ፋቅ፣ መልሶ መክተት፣ መስማት፤ አትቸኩዪ። ብዙ ከወሰድሽላት መቀየር ነው።

የማይሰማው ቁልፍ መምቻው ተሰንጥቆ ወይም አጥሮ ይሆናል። ጃኩ ተነስቶ አልወርድም ካለ እርጥበት አሳብጦት ይሆናል። የክፍሉን እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ያዙ፤ የክረምት ማሞቂያ ደግሞ አየሩን አድርቆ እንጨቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጠባዩ ነው። ቁልፉን አጥብቀሽ ብትመቺው ድምፁ እምብዛም አይጨምርም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኩፕረን እንኳ በ1713 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጉድለት አንስቷል፤ እሱ ደግሞ የመሣሪያው ጌታ ነበር። በፒያኖ ያደገ ጆሮ ቅር ቢለው አይገርምም።

«ቆርቆሮ» ላሉት አንድ ነገር ሞክሪ። ሁለቱን የጃክ ረድፍ አንድ ላይ አትክፈቺ። ወደ አንቺ የቀረበው የጃክ ረድፍ ክሩን ጫፉ አካባቢ ስለሚነካ ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ ይመስላል። የኋለኛው ለስለስ ይላል፤ እሱን ብቻ ተጫወቺ። ሰዎቹም አራት አምስት ሜትር ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ አጠገቡ የቆመ ሰው የጃኮቹን ኳኳታ ነው የሚሰማው። እኔ በበኩሌ ኳኳታውንም እወደዋለሁ። ያኔም ቆርቆሮ ነው ካሉ፣ ፒያኖ ይግዙ።