ሽጉጡ ለእጅዎ ልክ ነው ወይ? ስለ ምላጭና እጀታ ጥያቄና መልስ

እዚህ ጎንደር ለጥበቃ ሠራተኞችና ፈቃድ ላላቸው ሰዎች የዒላማ ተኩስ ሳስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ስለ እጀታና ስለ ምላጭ በየጊዜው ለሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ዛሬ በአንድነት እመልሳለሁ። የምነጋገረው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ስላለው መሣሪያ ብቻ ነው። ከታች ያለውን ማንኛውንም ሙከራ ከማድረግዎ በፊት ካዝናውን (የጥይት መያዣውን) ያውጡ፤ ቀጥሎም መሣሪያውን ከፍተው በዓይንም በጣትም ይፈትሹ፤ ካዝናው ወጥቶ እንኳ ሽጉጡ የጎረሰው ጥይት ውስጡ ሊቀር ይችላልና። ምላጭ የምለው በጣት የሚሳበውን ብረት ነው፤ ብዙ ሰው እርሱንም ቃታ ስለሚለው እንዳንደናገር ብዬ ነው።

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ የጥበቃ ሠራተኛ)፦ ጋሼ፣ እጄ ትንሽ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ሽጉጥ ስይዝ ጣቴ ምላጩን የሚነካው በጫፉ ብቻ ነው፤ ጥይቴም ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሄዳል። «ጣትሽን አጠንክሪ» ይሉኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔም አንዲት ሠልጣኝን ለሁለት ወር ያህል «ጣትሽን አጠንክሪ» እያልኩ አድክሜያት ነበር፤ አንድ ቀን የእጇን አያያዝ ከኋላዋ ሆኜ ስመለከት ግን፣ ምላጩ ላይ ለመድረስ ስትል ሽጉጡን በመዳፏ ውስጥ አዙራ፣ የእጀታውን ጀርባ በአውራ ጣቷ አጥንት ላይ አስደግፋው አገኘሁ። አፈሙዙ ከክንዷ ጋር ስላልተሰመረ ርግጫው ሁሉ በዚያ አጥንት ላይ ያርፍ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ልኩን እንዲህ ይፈትሹት። ባዶውን ሽጉጥ አፈሙዙና ክንድዎ በአንድ መስመር እንዲውሉ አድርገው፣ የአውራ ጣትና የሌባ ጣት መጋጠሚያን ከእጀታው ጀርባ እስከ ላይ አስጠግተው ይያዙ። አያያዝዎን ሳይለውጡ ሌባ ጣትዎን ምላጩ ላይ ሲያሳርፉ፣ ምላጩ በጣትዎ ጫፍና በመጀመሪያው አንጓ መካከል ባለው ለስላሳ ሥጋ ላይ ከዋለ ልክ ነው። በጣትዎ ሥርና በሽጉጡ ጎን መካከልም ጥቂት ብርሃን መታየት አለበት። ጣት በጫፉ ብቻ ሲደርስ ቀኝ እጀኛው ብዙውን ጊዜ ምላጩን ወደ ኋላ በመሳብ ፈንታ ወደ ግራ ይገፋዋል፤ የጥይትዎም ጉዳይ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ምላጩ ረጅም ጉዞ ያለው ሽጉጥ ከሆነ ፈተናውን መቺው (ከሽጉጡ ኋላ ያለው መዶሻ መሳይ ብረት) ወርዶ ሳለ ያድርጉት፤ ያን ጊዜ ምላጩ ከጣት ይበልጥ ይርቃልና።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለውን ኮልት ሽጉጥ በ1920ዎቹ ሲያሻሽል ምላጩን አሳጥሮ፣ ከምላጩ ኋላ ያለውን የብረት ጎን ጎድጉዶ ለጣት መንገድ አበጅቶለታል። አንድ ጦር ለወታደሮቹ እጅ ብሎ ብረቱን ከቀየረ፣ የእርስዎም ኃላፊ ሌላ ልክ እንዲሰጥዎ ቢጠይቁ ነውር የለውም።

ጥያቄ (ከፒያሳ፣ አናጺ)፦ የማካሮቭ ሽጉጥ እጀታ ከወይራ እንድሠራ ታዝዣለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ወይራ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጠንካራና ቅባት ያለው ስለሆነ ላብ ቶሎ አያበላሸውም። ዋንዛ ለዚህ ሥራ ይለሰልሳል። ነገር ግን የማካሮቭ እጀታ እንደ ኮልቱ ሁለት የጎን ሽፋን ሳይሆን ጀርባውንም የሚያለብስ አንድ ወጥ ቁራጭ መሆኑን አይርሱ። ስለዚህ በጀርባው ላይ የሚጨምሩት እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር እንጨት ምላጩን ከጣት በዚያው ልክ ያርቀዋል። መሣሪያውን ያማረ ለማድረግ ሲባል ወፍራም እጀታ ተሠርቶለት ባለቤቱ ምላጩ ላይ መድረስ ያቃተው ሽጉጥ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። የአሮጌውን ጀርባ ውፍረት በካሊፐር ለክተው ከዚያ አያሳልፉ፤ ባለቤቱ ሙላት ከፈለገ በጎኖቹ ላይ ይስጡት፤ እርሱም ቢሆን በመጠኑ፣ የጎን ውፍረትም ጣትን ያሳጥራልና። የእንጨቱ ጭረት ከላይ ወደ ታች ይሁን፤ ወደ ጎን ከሆነ ስስ ጎኖቹ ይሰነጠቃሉ። ካዝናውን የሚይዘው መቆለፊያ ከእጀታው ግርጌ ስለሆነ ቦታውን ይክፈቱለት፤ የእጀታው ውስጥም የትኛውንም ተንቀሳቃሽ ብረት መንካት የለበትም። የኋላውን ብሎን በካቻቢቴ ሲያጠብቁ ከመጠን አያሳልፉ። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሱት በኋላ የተልባ ዘይት ስስ አድርገው ይቀቡት፤ ከሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይልቅ እጅን ይይዛል።

ጥያቄ፦ ምላጩ ከበደኝ። አንድ ጓደኛዬ ሞላውን ቆርጦ ሊያቀልልኝ ይችላል?

መልስ፦ በፍጹም አያስነኩት። ሞላው የተቆረጠ፣ የውስጥ ብረቱም በሞረድ የተነካ ሽጉጥ ሲወድቅ ወይም ሲነካ በራሱ ሊተኩስ ይችላል። በተጨማሪም «ከበደኝ» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ጣታቸው አጥሮባቸው በጫፉ የሚስቡ ናቸው፤ እጀታው ሲስተካከል ያው ምላጭ ይቀላቸዋል።

ጥያቄ፦ የእኔ እጅ ደግሞ ትልቅ ነው። ጣቴ ከአንጓው አልፎ ይጠመጠማል።

መልስ፦ ይህ ከመጀመሪያው ችግር ተቃራኒ ነው፤ የቀኝ እጀኛው ጥይት ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ይሳባል። በትናንሽ ሽጉጦች ላይም የሚንሸራተተው ብረት የመጋጠሚያውን ሥጋ ሊቆርጥ ይችላል። ለእርስዎ መድኃኒቱ ጀርባውን ማወፈር ነው። ግሎክ የተባለው ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ 2 እና 4 ሚሊ ሜትር የሚጨምሩ ተለዋጭ ጀርባዎች አሉት። የብስክሌት የውስጥ ጎማ የሚያለብሱም አሉ፤ እጅን ቢይዝም እየዞረ ስለሚንሸራተት አልወደውም።

ጥያቄ (ከደባርቅ)፦ ሌሊት በብርድ ጓንት አድርጌ እጠብቃለሁ።

መልስ፦ ፈተናውን በዚያው ጓንት ይድገሙት። ጣትዎ በምላጩ ከለላ ውስጥ ሲገባ ጨርቁ ምላጩን ሳይፈልጉ የሚጫነው ከሆነ፣ የሌባ ጣቱ ቦታ ስስ የሆነ ጓንት ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ግራኝ ነኝ።

መልስ፦ የአውራ ጣት ማሳረፊያ ያለው እጀታ አብዛኛውን ጊዜ ለቀኝ እጅ የተቀረጸ ስለሆነ አይግዙ፤ ሁለቱም ጎኑ እኩል የሆነውን ይምረጡ። ስለ ጥይት አቅጣጫ የተናገርኩትንም ገልብጠው ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ዳግም ባዶነቱን አረጋግጠው፣ ከኋላው ሰው ወደሌለበት የድንጋይ ግንብ ዞረው ይቁሙ። ዓይንዎን ጨፍነው ሽጉጡን ያንሡ፤ ከዚያ ዓይንዎን ይግለጡ። የፊቱ ማነጣጠሪያ በኋላው ክፍተት መሐል ከተገኘ እጀታው ከእጅዎ ጋር ተስማምቷል። አሥር ጊዜ ደጋግመው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ግን፣ እጅዎን ሳይሆን እጀታውን እንደገና ይለኩ።