ኢንኩቤተሩ በበረኪና እየተወለወለ ባክቴሪያው ለምን አልጠፋም?

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሕፃን በወጣ ቁጥር ሦስቱን ኢንኩቤተሮቻችንን በበረኪና እንወለውላለን። ሆኖም ከእጅ ማስገቢያ በሮቹ የተወሰደ ናሙና ላቦራቶሪ ውስጥ ክሌብሲየላ የተባለውን ባክቴሪያ አበቀለ። በረኪናውን እናጠንክረው ወይስ ሌላ ፀረ ተሕዋስያን እንግዛ? ክዳኑም ስንጥቅጥቅ እያለ ነው።

መልስ፦ ሲስተር፣ አያጠንክሩት፤ ሌላም አይግዙ። መጀመሪያ የበሮቹን ጎማ ያውልቁ። የሕክምና መሣሪያ ስጠግን በኖርኩባቸው ዓመታት ላዩ የሚያብረቀርቅ፣ ጎማው ሲነሳ ግን ከሥሩ የደረቀ ወተትና ያደፈ እርጥበት የሚወጣበት ኢንኩቤተር ደጋግሞ አጋጥሞኛል። በየጊዜው ያናድደኛል፤ አንዳንዴ አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ሕፃን የሚተኛበት ሣጥን ነውና።

ብዙ መድኃኒት የተላመደ ክሌብሲየላ እንኳ በትክክል ለተዘጋጀ ክሎሪን እጁን ይሰጣል። ክሎሪን ግን ወተቱን፣ ደሙንና ባክቴሪያውን አይለይም፤ ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ከጨረሰ ለባክቴሪያው የሚተርፍ የለውም። ስለዚህ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ማሞቂያው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። የሚወልቀውን ሁሉ አውልቀው ለብ ባለ ውኃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡ፤ ያለቅልቁ፤ ያድርቁ። በረኪናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ካለ አንድ ኩባያ በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ውኃ ሲበረዝ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ 4 በመቶ ከሆነ ውኃው ሰባት ኩባያ ነው። በየዕለቱ አዲስ ያዘጋጁ፤ ብርሃንና ሙቀት ያደክመዋልና ትናንት የተበረዘውን ይድፉት። ጠረግ አድርጎ ማለፍም አይበቃም፤ ገጹ ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በበጋው ደረቅ አየር ቶሎ ስለሚደርቅ ደግመው ያርጥቡት። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ጠርገው ያድርቁ፤ አለዚያ ብረቱን ይበላል፣ ሽታውም ሕፃኑን ይጎዳል። ሦስቱንም በአንድ ጨርቅና በአንድ ባልዲ የምትጠርጉ ከሆነ ደግሞ ባክቴሪያውን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታዞሩት እናንተው ናችሁ።

እርጥበት መስጫው የውኃ ጋን ሌላው መደበቂያ ነው። የቆየ ለብ ያለ ውኃ ሱዶሞናስ ለተባለው ሌላ ባክቴሪያ ምቹ ቤት ነው፤ ውስጡ ጣትዎን የሚያዳልጥ ልባስ ካገኙ ባክቴሪያው ራሱን የሸፈነበት ነውና በብሩሽ ካልተፋቀ በረኪና አይደርስበትም። በየቀኑ ይድፉት፤ ጋኑን አጽድተው ያድርቁ፤ በቧንቧ ውኃ ሳይሆን ከጀርም በጸዳ ውኃ ይሙሉት። እርጥበት የማትጠቀሙ ከሆነ ደረቅ ይሁን።

ክዳኑን የሰነጠቀው አልኮል ይመስለኛል፤ ይህን ዓይነቱን ፕላስቲክ አልኮል ያሻክረዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ስንጥቅ የገባበትን ክዳንም ሆነ ልባሱ የተቀደደ ፍራሽ አጽድቻለሁ ማለት አይቻልም፤ ይቀየሩ። ፌኖል ያለበት ማጽጃ ደግሞ በሕፃናት ክፍል አይግባ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ በተወለዱ ሕፃናት ላይ ከታየ የቢጫነት መባባስ ጋር ተያይዟል። በረኪናን ከአሲድም ከአሞኒያም ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ሕፃን ውስጥ ተኝቶ ሳለም በፍጹም አይረጭ።

ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ፣ ሕፃን ሳይገባ፣ ናሙናውን ከዚያው ከጎማው ሥር ደግመው ያስወስዱ። ጎማው ጠንክሮ ወይም ተሰንጥቆ ካገኙት ግን የላቦራቶሪውን ውጤት ሳይጠብቁ ይቀይሩት።