ለ7ኛ ክፍል ጀማሪ መምህርት፦ በገበያ ቀን ፈተና አትስጪ

«ሞጣ አካባቢ ገጠር ተመድቤ 7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አንዱ ክፍል 68 ተማሪ አለው። ጩኸቱ አልቆም ብሎኝ ድምፄ ተዘጋ። ማታ ማታ አለቅሳለሁ። ልተወው ይሆን?» ብለሽ የጠየቅሽው እህታችን፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ ልበልሽ፣ ታላቅሽ ነኝ። 18 ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ።

አይዞሽ እታለም። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ኅዳር ላይ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። የቀረሁት መኪና አጥቼ ነው። ያኔ እኛ ጋ አይሱዙ የሚመጣው በገበያ ቀን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ መጮኹን ተዪው። 68 ልጅ በጩኸት አይሸነፍም። እኔ የነቃሁት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከኋላ ተቀምጣ ክፍለ ጊዜዬን ካየች በኋላ ነው። «ልጆቹ የሚረብሹት ጀርባሽን ስትሰጫቸው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቀኑን፣ ርዕሱን፣ ማስታወሻውን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሄዳል። ክፍለ ጊዜው ደግሞ 40 ደቂቃ ነው። ሥራ የሌለው ልጅ ምን ያድርግ? ያወራል።

ከዚያ በኋላ ማስታወሻውን ማታ በወረቀት አዘጋጃለሁ። ጽሕፈቱ የሚያምር ልጅ ሰሌዳ ላይ ይገለብጠዋል፣ እኔ በወንበሮቹ መሃል እየዞርኩ ደብተር አያለሁ። በጣም የሚረብሸው ልጅ ጽሕፈቱ ካማረ ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው። እንደገባሽም አንድ አጭር ጥያቄ ስጪና ደብተር ያስወጡ። የስም ጥሪው እነሱ እየሠሩ ይሁን።

ስማቸውን አጥኚ። «አንተ፣ ባለ ቀዩ ሹራብ» ስትዪው ክፍሉ ይስቃል። በስሙ ቀስ ብለሽ ስትጠሪው ግን ይደነግጣል። በቀን አንድ ረድፍ ይበቃሻል። መቀመጫቸውን እንዳይቀያይሩ አድርጊና የዕቅድ ደብተርሽ ጀርባ ላይ ሥዕሉን ንደፊ።

አለንጋ ያዢ የሚሉሽ አይጠፉም። እንዳትሰሚያቸው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። ሕጉን ባይሆን የእኔን ስሚ።

የተመደብኩት ጮቄ ተራራ ሥር፣ ከረቡዕ ገበያ አለፍ ብሎ ነበር። የከተማዋ ስም ራሱ ገበያው መቼ እንደሆነ ይናገራል፣ እኔ ግን ልብ አላልኩም። የመጀመሪያውን ፈተና ረቡዕ ሰጠሁ። ግማሹ ክፍል የለም። ተናድጄ ለቀሩት ሁሉ ዜሮ ሞላሁ። ሐሙስ ዕለት አንድ ረዘም ያለ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ረቡዕ እኮ ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ያሾፈብኝ መስሎኝ እጁን በማስመሪያ መታሁት። በማግስቱ አልመጣም። ሰኞም ማክሰኞም የለም።

በሳምንቱ ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ልጁ ከእናቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ድንች ይሸጣል። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል፣ የሁሉንም መልስ በቃሉ ያሰላል። እኔ ገና ብሬን ሳልቆጥር እሱ ጨርሷል። ክፍል ውስጥ መቶኛ አይገባውም ብዬ የመዘገብኩት ልጅ ነው! ስገዛው ቀና ብሎ «ቲቸር፣ ልመርቅልዎት?» አለና ሁለት ድንች ጨመረልኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ አልታየኝም። ሐሙስ ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። ፈተናውንም ደገምኩላቸው።

ስለዚህ ገበያችሁ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቂ። የአጨዳና የውቂያ ወቅትንም እንዲሁ፤ ከኅዳር ጀምሮ ክፍሉ ይሳሳል። በተቃራኒው በወሩ 12 እና 21፣ ሚካኤልና ማርያም፣ ገበሬው እርሻ ስለማይነካ ልጆቹ ይመጣሉ። ቢያንስ እኔ ጋ ክፍሉ ጢም ይል ነበር። ከባድ ከባዱን ምዕራፍ ለእነዚያ ቀናት አቆየው ነበር። ርዕሰ መምህሩ ይስቅብኝ ነበር፣ ውጤቱን እስኪያይ ድረስ።

ከኋላ የሚያንቀላፋውንም ቶሎ አትቆጪው። ሌሊት ማሳ ሲጠብቅ አድሮ ይሆናል። ወይም ሁለት ሰዓት በእግሩ መጥቷል።

ለጀማሪ መምህር የሁለት ዓመት ሙያ ትውውቅ እንዳለ ነግረውሻል? አማካሪ መምህር ሊመደብልሽ ይገባል። ብዙ ቦታ ነገሩ ፎርም ሞልቶ መፈረም ብቻ ሆኗል። አንቺ ግን ፊርማውን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። በሳምንት አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጠው እንዲያዩሽ ለምኚያቸው፣ አንቺም የእሳቸውን ክፍል እዪ። መጠየቅ አያሳፍርም። እኔ ስድስት ወር አፍሬ የተረፈኝ የተዘጋ ጉሮሮ ነው።

ደብተር እርማትን በተመለከተ፣ የ68ቱን በአንድ ቀን ልጨርስ ካልሽ ታብጃለሽ። በቀን አንድ ረድፍ። የተከታታይ ምዘና ውጤት ግን በየሳምንቱ ማርክ ሊስት ላይ አስገቢ። እኔ ሰንፌ ጥር ላይ ሮስተር ስሞላ በሻማ ያደርኩትን አልረሳውም።

ደመወዝ መጀመሪያ ላይ ከዘገየብሽ እንዳትደነግጪ፣ የብዙዎቻችን እንደዚያ ነው። የምደባ ደብዳቤሽንና የትምህርት ማስረጃሽን ሦስት ሦስት ኮፒ አድርገሽ ያዢ። አከራይሽንም ቀድመሽ አናግሪያቸው። የእኔዋ እማማ ሁለት ወር ሙሉ ሽሮ እያበሉኝ «ሲመጣ ትሰጪኛለሽ» ብለው ነው ያቆዩኝ።

የመልቀቁን ነገር ቢያንስ እስከ ጥር አታንሺው። ድምፅሽ እስኪመለስ ሞቅ ያለ ውሃ በማር ጠጪ፣ ክፍል ውስጥም ሰሌዳውን ለልጅ ስጪ። የገበያችሁን ቀን እዚሁ ከታች ጻፊልኝና የፈተናሽን ፕሮግራም አብረን እናወጣለን።