ቅጣቱ ቢከብድ ሰክሮ የሚነዳ ይቀንሳል ወይ?

ከመሪው ኋላ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ አምድ አዘጋጅ በጅቡቲ መስመር ለረጅም ዓመታት ከባድ መኪና ሲያሽከረክር የኖረ ነው። አሁን ድሬዳዋ ውስጥ የመንጃ ፈቃድ ሠልጣኞችን ያስተምራል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜን ሰክሮ የሚነዳ ሰው ገጨው። እግሩ ውስጥ ብረት ገብቶለት እስካሁን በክራንች ነው የሚሄደው። ሹፌሩ ዋስ ጠርቶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከዚራ ሰፈር መኪናውን አቁሞ ቢራ ሲጠጣ በዓይኔ አየሁት። እንዲህ ያለውን ሰው ለምን አሥር አሥራ አምስት ዓመት አያስሩትም? ባለቤቴ ደግሞ "ቅጣት ቢጨመር ባይጨመር ለውጥ የለውም፣ የሚጠጣ ይጠጣል" ይለኛል። በዚህ የተነሳ ቤት ውስጥ ተኳርፈናል። እስቲ እርስዎ ይፍረዱን።

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽን እግዜር ይማረው። ፍርዱን ላስቀድምና ባልሽ ተሳስቷል። ለውጥማ አለ። አንቺ የምትይው አሥራ አምስት ዓመት ግን ሕጉ ውስጥ ድሮውኑ አለ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 አንብቢ። በቸልተኝነት ሰው የገደለ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። እንደ ሹፌር በሙያው የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። አልኮል ወይም ዕፅ ወስዶ፣ ራሱን ስቶ የገደለ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በላዩ ላይ ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ አለ። ተጎጂው በሕይወት ሲተርፍ ቅጣቱ ከዚህ ያንሳል። የወንድምሽ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ አሥራ አምስቱ ዓመት ወረቀት ላይ ከተቀመጠ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ቅዳሜ ማታ ከዚራ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሦስተኛ ቢራውን የሚያዝ ሰው ስለ አንቀጽ ቁጥር የሚያስብ ይመስልሻል? እሱን የሚያሳስበው ዛሬ ትራፊክ መቆሙና አለመቆሙ ነው።

ይህን ሠልጣኞቼ ላይ ሁሌም አየዋለሁ። አዲስ ክፍል ስጀምር "ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ቅጣቱ ስንት ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ክፍሉ ጭጭ ይላል። አንዱ የሆነ ብር ይጠራል፣ ሌላው ይስቅበታል። ቀጥዬ "ማታ ትራፊክ የሚቆመው የት የት ነው?" ስላቸው ሁሉም ባንድ አፍ ይጮሃሉ። ለገሃሬ ጋ፣ ደቻቱ ድልድይ ጋ፣ ሳቢያን መግቢያው ጋ እያሉ ይቆጥሩልኛል። የባጃጅ ልጆቹማ ስንት ሰዓት ላይ ቆመው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሱ ጭምር ያውቃሉ። መንገድ ላይ መብራት ብልጭ አድርገው ይነጋገራሉ። አንዱ ከተያዘ በስልክ ለሌላው ይደርሰዋል። አቦ፣ እነዚህ ልጆች ገና መንጃ ፈቃድ እንኳ አልያዙም!

በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ደግሞ ተመልከቺ። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከድሬ እስከ ቁልቢ በየመታጠፊያው ትራፊክ አለ። በዚያ ሰሞን የማውቃቸው ጠጪ ሹፌሮች ሁሉ አምቦ ውሃ ነው የሚያዙት። ሕጉ ያው የጥቅምቱ ሕግ ነው፣ አልተቀየረም። በዓሉ አልፎ ትራፊኩ ሲመለስ ቢራውም ይመለሳል።

ሌላው አገር ይህን በደንብ ፈትኖታል። አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 ለገና ሰሞን ሰክሮ የነዳ ሁሉ 7 ቀን ይታሰራል ተብሎ ታወጀ። ጋዜጣው ተቀባበለው። በኋላ ተመራማሪዎች ሚልዋኪ ከምትባለው ከተማ ጋር ሲያነጻጽሩት አዋጁ ያመጣው ለውጥ አላገኙም። ዳኞቹም ቢሆኑ ያን ሰባት ቀን የፈረዱበት ሰው ጥቂት ነበር።

የእንግሊዙ ይበልጥ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1967 የትንፋሽ መመርመሪያ መጣ። በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 80 ሚሊ ግራም አልኮል ወሰን ሆነ። ሕጉን የገፋችው የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል ነበረች። ሴትዮዋ ራሷ መንጃ ፈቃድ አልነበራትም፤ የዚያን ጊዜ ጠጪ ምን ብሎ እንደሰደባት ገምቺ። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው ከ1,000 በላይ ቀነሰ። እዚያ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ጉዳዩን ያጠናው አሜሪካዊው ላውረንስ ሮስ እንዳሳየው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ውጤቱ እየሟሸሸ ሄደ። ሰዉ በመጀመሪያ በየጥጉ ፖሊስ ያለ መስሎት ፈርቶ ነበር። ሲወጣ ሲገባ ማንም አላስቆመውም። ከዚያ ወደ ጠርሙሱ ተመለሰ።

ስኮትላንድም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ወሰኑን ከ80 ወደ 50 አወረደች። የግላስጎ ተመራማሪዎች ሕጉ ካልተቀየረባቸው ከእንግሊዝና ከዌልስ ጋር ሲያስተያዩት አደጋው በዚህ ምክንያት አልቀነሰም። ሕጉ ጠበቀ፣ የሚያስቆመው ፖሊስ ግን አልጨመረም ነው የሚባለው።

አሁን ደግሞ የተሳካለትን ልንገርሽ። አውስትራሊያ ውስጥ ኒው ሳውዝ ዌልስ የሚባል ክፍለ ግዛት አለ፤ ሲድኒ ያለችበት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1982 ፖሊስ ማንንም ሹፌር ያለ ምንም ጥርጣሬ አስቁሞ "ንፋ" ማለት እንዲችል ተፈቀደ። የጠጣም ያልጠጣም ይነፋል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ምርመራ ተደረገ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ማታ ስመለስ ልነፋ እችላለሁ ብሎ ማሰብ ጀመረ። ለሞት የሚያደርሰው አደጋ በጣም ቀነሰ፣ እንደ እንግሊዙም ቶሎ አልተመለሰም። ፖሊሱ ሥራውን አልተወማ።

ልዩነቱ ይህ ነው። የቅጣቱ ትልቅነት ሹፌሩን የሚያስፈራው መያዙን ሲያምን ብቻ ነው። እንደማይያዝ ካመነ አሥራ አምስት ዓመትም ሃያ ዓመትም ለእሱ አንድ ነው።

እንዲያውም ቅጣትን ብቻ ማክበድ የራሱ ጣጣ አለው። የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ጮክ ብለን አናወራውም እንጂ። ቅጣቱ ሲያድግ መንገድ ዳር የሚደረገው ድርድርም አብሮ ያድጋል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ገጭቶ ማምለጥ ያዋጣል። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሰክሮ ነድቶ የገደለን ሰው ክፉኛ መቅጣት ስትጀምር፣ አንዳንዱ ሹፌር ስካሩ እስኪበርድለት ሸሽቶ በማግስቱ እጁን መስጠት ጀመረ። ትናንት መጠጣቱን ማን ያረጋግጥበታል? በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2013 አልኮሉ እንዳይታወቅ ብሎ መሸሽን ራሱን የቻለ ወንጀል አደረጉት። የወንድምሽን ሹፌር መንገደኛው ከብቦ ይዞት ካልሆነ፣ እሱም ያመልጥ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ታዲያ ባልሽ ለምን ተሳሳተ አልኩ? ቅጣት ዋጋ አለውና ነው፤ በተለይ አንዴ የተያዘው ሰው ላይ። ቤንጃሚን ሃንሰን የሚባል የምጣኔ ሀብት ባለሙያ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2011 የተደረጉ የትንፋሽ ምርመራዎችን አጥንቷል። ወሰኑን ለጥቂት ያለፉትንና ለጥቂት ያላለፉትን አነጻጸረ። እነዚህ ሰዎች በመጠጥ የሚለያዩ አይደሉም፤ የለያቸው ቅጣቱ ነው። የተቀጡት ደግመው ሰክረው ሲነዱ የመያዛቸው ዕድል ቀንሶ ተገኘ። በጣም ሰክረው ተይዘው የባሰ የተቀጡት ደግሞ የባሰ ቀነሰላቸው። "የሚጠጣ ይጠጣል" ለሚለው ባልሽ ይህን አንብቢለት። ይጠጣ። መሪ ሳይጨብጥ ይጠጣ።

እኔን ብትጠይቂኝ የእስራቱን ዓመት ከመጨመር ይልቅ መንጃ ፈቃዱን መቀማት ይሻላል። ያውም በዚያው ሌሊት። ታክሲና ባጃጅ ነድቶ ለሚያድር ልጅ መንጃ ፈቃድ ማለት እንጀራ ነው። ፍርድ ቤት ከዓመት በኋላ ከሚወስንበት እስራት ይልቅ ነገ ጠዋት ሥራ አለመውጣቱ ያስፈራዋል። ከዚያ ደግሞ ቦታው የማይታወቅ ፍተሻ ይምጣ። ሁሌ ደቻቱ ድልድይ ላይ ብቻ መቆም ለሠልጣኞቼ ትምህርት ሰጠ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ለወንድምሽ ደግሞ አንድ ነገር አትርሺ። የሦስተኛ ወገን መድን ለማንኛውም መኪና ግዴታ ነው፤ የወጣውም ለተጎጂ ነው። የትራፊክ ፖሊሱን የአደጋ ሪፖርትና ፕላን፣ የሆስፒታሉን የሕክምና ማስረጃ አንድ ላይ አድርገሽ ያዢ። ሹፌሩ ላይ የተናደድሽውን ያህል ለካሳውም ሩጪ።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው የምጽፈው። እሑድ እሑድ ጓደኞቼ ጋ ቅሜ፣ ማታ ለጨብሲ ሁለት ሦስት ቢራ ጠጥቼ ወደ ድሬ እወርዳለሁ። እውነቴን ነው፣ ከቃምኩ ቢራው ሞቅም አያደርገኝም። ጫቱ ያጠፋዋል ይባላል። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም። ጫቱ ያነቃሃል እንጂ ደምህ ውስጥ ያለውን አልኮል አንዲት ጠብታ አይቀንስልህም። መመርመሪያውም ስለ ምርቃናህ አይጠይቅም። እንዲያውም የጨብሲ ክፋቱ ይኸው ነው። ጫቱ ስካሩን ከራስህ ይደብቅብሃል። ሞቅ አላለኝም ብለህ አራተኛውን ታዛለህ። እጅህና ዓይንህ ግን ሰክረዋል። ማታ ላይ ምርቃናው ሲለቅህ ደግሞ ድካሙና ቢራው ባንድ ላይ ይወድቁብሃል። የት? ደንገጎ ቁልቁለት ላይ!

መንገዱን ታውቀዋለህ። ሐሮማያ 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። ያንን ሁሉ በጠመዝማዛ ነው የምትወርደው። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚበር አይሱዙ ከኋላህ ይመጣል፣ ከፊትህ ደግሞ ጭነት የከበደው መኪና እያቃሰተ ይወጣል። ጠጥቶ የሚወርድ ሹፌር የሚያደርገውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ማርሽ ማውረድ ይረሳል። እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ ይወርዳል። ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ እምቢ ይላል። መጨረሻ ላይ ፍሬን በጠሰ ይባላል። የበጠሰው ግን ቢራው ነው።

"ትንሽ ተኝቼ እነሳለሁ" ለምትለውም ሒሳቡ ይኸውልህ። አንድ ጠርሙስ ቢራ ከመካከለኛ ሰው ሰውነት ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ቡናም፣ ሻወርም፣ ጥብስም አያፈጥኑትም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምረህ እኩለ ሌሊት ድረስ ሰባት ስምንት ከጠጣህ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስትነሳ ገና አልወጣልህም። እዚያው ሐረር እደር፤ ሰኞም ቸኩለህ አትነሳ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ግሮሰሪ አለኝ፤ ዕድሜዬ ስልሳን ተሻግሯል። ደንበኞቼ ሞቅ ብሏቸው የመኪና ቁልፍ ሲያነሱ ልቤ አይችልም። ብከለክላቸው ይቀየሙኛል፣ ቢቀየሙ ገበያዬ ይሄዳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እማማ፣ ጃፓን ቢሆኑ ኖሮ ጉዳዩ ከቅያሜ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሚነዳ ሰው መጠጥ የቀዳም፣ ሰክሮ የሚነዳው መኪና ውስጥ አውቆ የገባም አብሮ ይቀጣል። 

እርስዎ ግን ክርክሩን አይግጠሙት። የሰከረን ሰው በክርክር ማን አሸንፎ ያውቃል? ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ስካሩ ይመስላል እንጂ፣ ሰዎቹ ቁልፉን የሚያነሱት መኪናዬ ደጅ አድሮ ይሰረቃል ብለው ፈርተው ነው። እሷን ፍርሃት ያንሱላቸው። ዘበኛው መኪናውን እስከ ጠዋት ይጠብቅ፤ ይህንንም ደንበኛው ገና ሲቀመጥ፣ ሳይሰክር ይንገሩት። ከዚያ የሚያምኑት አንድ ሁለት የባጃጅ ልጅ ይያዙ። ማታ ማታ ደጅ ይቁምልዎት፣ እሱም ሥራ ያገኛል። ሒሳብ ሲጠየቅ የባጃጁን አብረው ይደምሩበት፤ ሞቅ ያለው ሰው ለዚያች ብር አይከራከርም። ዘበኛውን ግን ለአዳሩ ጨመር ያድርጉለት፤ ካልሆነ እኩለ ሌሊት ላይ ጥሎት ይተኛል።