የቅዳሜን ጠዋት ለአጋሮ መንገድ ስጡት

ሰላም እህታችን። ጥያቄውን ላላያችሁት፦ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንድ አዛውንት እናትና ሁለት ልጆች አሉ። ዓርብ ከአዲስ አበባ በተከራዩት ሃይሩፍ ጅማ ገብተው እሑድ ይመለሳሉ። ቅዳሜን አስጎብኚ ይዘው ሙዚየሙን፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት፣ አጋሮን፣ የቡና ጫካ ያለበትን ጮጬን፣ ሊሙ ገነትን፣ የግልገል ጊቤን ሐይቅና የቦዬን ረግረግ ጉማሬ ማዳረስ ይፈልጋሉ። ይቻላል ወይ ነው የምትለው።

በአንድ ቅዳሜ አይቻልም። በያዛችሁት ሦስት ቀን ግን ከሊሙ በስተቀር ሁሉም ይገባል፣ ያውም ሳትዋከቡ። ችግሩ ቦታዎቹን በዝናቸው መደርደራችሁ ነው፤ መደርደር የነበረባቸው በመንገዳቸው ነው። አጋሮና ጮጬ በበደሌ መንገድ፣ ከጅማ ወደ ምዕራብ ናቸው። ቦዬና ግልገል ጊቤ ደግሞ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ናቸው፤ እናንተ በምትመጡበትና በምትመለሱበት ማለት ነው። ለግልገል ጊቤ ቅዳሜን መክፈል ነዳጅና ሰዓት በከንቱ ማቃጠል ነው። ሊሙ ገነት ከጅማ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ አቅጣጫውም ሌላ ነው። እሱን ለሌላ ጊዜ ተዉት።

ሙዚየሙን ዓርብ ጨርሱት። ሰዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የንጉሡ ወንበሮችና የቤት ዕቃዎች ያሉት ከተማው ውስጥ ባለው ሙዚየም ነው። ሙዚየሙን ሳያዩ ጅሬን የሚወጡ ሰዎች «ባዶ ቤት አሳዩን» እያሉ ይመለሳሉ። ዕቃውን አስቀድሞ ያየ ሰው ግን ባዶው ክፍል ውስጥ ቆሞ ምን የት እንደነበር ማሰብ ይችላል። ዓርብ የመንግሥት ሥራ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለጁምዓና ለምሳ ይዘጋል፤ ማታ 11፡30 ያበቃል። አዲስ አበባን ሌሊት 11 ሰዓት ከለቀቃችሁ፣ ወልቂጤ ላይ ቁርስ በልታችሁም 350 ኪሎ ሜትሩን ጨርሳችሁ ከሰዓት 8 አካባቢ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በላይ ከዘገያችሁ ሙዚየሙ ቅዳሜ ይከፈት እንደሆነ ዓርብ ማታ ሳይሆን ዓርብ ጠዋት በስልክ አስጠይቁ። ማታ ስልክ የሚያነሳ አይኖርም።

ስለ አስጎብኚው። የከተማውን ወይም የዞኑን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ብትጠይቁ ሰው ያገናኟችኋል። የሚያስፈልጋችሁ ቀኑን ሙሉ አብሯችሁ የሚውል አንድ ሰው ነው። ቤተ መንግሥቱ የራሱ አስረጂ አለው፤ ጮጬም የአካባቢው ሰው ይቀላቀላችኋል። ስለዚህ የእናንተ ሰው ዋና ሥራ ታሪክ ማውራት አይደለም፤ ስልክ መደወል፣ በር ማስከፈት፣ ሰዓት መጠበቅና ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ ማስተርጎም ነው። ገጠር ላይ የሚነገራችሁ ሁሉ በትርጉም ስለሚያልፍ የግማሽ ሰዓቱ ወሬ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ይህን አስባችሁ ሰዓት መድቡ።

ሰውየው ሥራውን ያውቅ እንደሆነ ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ቅዳሜ የጮጬ መንገድ እንዴት ነው?» ሳያቅማማ «ችግር የለም» ካለ ተጠራጠሩት። «ሐሙስ ወይ ዓርብ ደውዬ ልንገራችሁ» ካለ ያዙት። ዋጋውን በቀን ተነጋገሩ፣ በሰው አይሁን። የአስጎብኚው ምሳ፣ የመግቢያ ክፍያና የአካባቢው አስረጂ ጉርሻ በማን በኩል እንደሆነ በቴሌግራም ጽፋችሁ ተስማሙ። ማታ ላይ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዋናው ዋጋ ሳይሆን ከእነዚህ ከሦስቱ ነው። የመግቢያ ክፍያ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ስለሚለያይ መታወቂያ ሁላችሁም ያዙ፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት።

መኪናችሁ ሃይሩፍ መሆኑ ጥሩ ነው። ዘጠኝ ሰው፣ ሹፌርና አስጎብኚ ሲደመሩ አሥራ አንድ ናቸው፤ ልክ ይገባል። ብዙ ዘመድ ተጨምሮ ኮስተር ይሁን ከተባለ ግን ጮጬን ሰርዙት፣ ጠባቡ የገጠር መንገድ ላይ ማዞሪያ ይቸግረዋል። ዓርብ ማታ ታንኩን ሙሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ማደያ ሰልፍ ከያዛችሁ ቀኑ እዚያው ተበላ። ስኮርታው ነፋስ እንዳለው፣ ክሪክና የጎማ መፍቻ መኖሩን ሹፌሩ ፊት ለፊታችሁ ያሳያችሁ። ሹፌሩ ዓርብ ሌሊት ተነስቶ የነዳ ስለሆነ ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አታስነዱት። የመንገዱን ሰላም ደግሞ አስጎብኚው የዚያኑ ቀን ጠዋት አጋሮ ያለ ሰው ጠይቆ ያረጋግጥ፤ የትናንት ወሬ አይበቃም።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ከጅማ ውጡ። «ጅሬን ቅርብ ነው፣ እሱን አይተን እንሂድ» የሚል አይጠፋም። አትስሙት። ጮጬ የሚያስገባው መንገድ አፈር ነው፤ ጅማ አካባቢ ዝናብ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ነው። ቀይ አፈር ከራሰ በኋላ ሃይሩፍ የኋላ ጎማው እየዞረ ቆሞ ይቀራል። ቤተ መንግሥቱ ግን ጣሪያ ያለው ቤት ነው፤ ዝናብ ቢጥልም ይታያል። ራቅ ያለውና ጭቃ ያለበት በጠዋት፣ ቅርቡና ጣሪያ ያለው ከሰዓት። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ከሆነ ደግሞ ጮጬን እንደ እርግጠኛ ነገር ለልጆቹ ቃል አትግቡላቸው።

አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመንገድ ላይ ይቡን ታልፋላችሁ፤ ማና ወረዳ ነው፣ ግራና ቀኙ ቡና። አስጎብኚው እዚህ ጋ ስለ አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ቢያወራ ደግ ነው፦ ጅማ፣ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ። አጋሮ ስትደርሱ ከጅማ መንግሥት ወጥታችሁ የጎማ መንግሥት የነበረበት አገር ገብታችኋል። በየመንግሥቱ ድንበር ሆን ተብሎ ሳይታረስ የሚተው ባዶ መሬት ነበር፤ ነጋዴም ቀረጥ ከፍሎ የሚያልፍበት ኬላ ነበረው። ዛሬ በአንድ ሰዓት የምትነዱት አስፋልት ያኔ ቢያንስ ሁለት በር ያስቆም ነበር። መኪና ውስጥ ከሚወራ ታሪክ ይህ ይበቃል።

አጋሮ ላይ ቁርስ ስትበሉ ምሳውን እዛው እዘዙ፣ «6፡30 ላይ አሥራ አንድ ሰው» ብላችሁ። ሳይታዘዝ ለዚህ ሁሉ ሰው ምግብ ማውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ቀኑም የሚበላሸው እዚህ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ከተቀላቀላችሁ ሥጋውን ተዉትና ሽሮ፣ እንቁላልና አትክልት ይሁን፤ አንድ ማዕድ ላይ ሁላችሁም ትቀመጣላችሁ። በረመዳን ከሆነ ምሳ ከጅማ ተቋጥሮ ይሂድ። ጥሬ ብርም በዝርዝር ያዙ፤ ቴሌብር ኔትወርክ ባለበት ነው የሚሠራው።

ጮጬ ከአጋሮ ቅርብ ነው፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ። ከታ ሙዱጋ የሚባለው ቦታ የቡና መገኛ ነው ብለው የአካባቢው ሰዎች የፍየል እረኛውን ታሪክ ይነግሯችኋል። ቦንጋ ብትሄዱ ደግሞ ከፋዎች ተመሳሳዩን የራሳቸው ያደርጉታል። ክርክሩን እዚያው ቦታ ላይ አታንሱት፣ እንግዳ ናችሁ። የሚታየው ነገር ጫካው ነው፦ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ቡና። ቦታውን በእግር ለማየት አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው። ለእናትየው ከመኪናው ብዙ የማያርቅ ጥላ ሥር በርጩማ ይፈለግላቸው፣ ቡናውም እዚያው ይፈላላቸው። ቡና ቀላ ከተገኘ ቅመሱ፤ ቡናው ከነገለባው በቅቤ ተቁላልቶ የሚቀርብ ነው። ይህም ቀድሞ ካልተነገረ አይደርስም።

መቼ ብትመጡ ምን ታያላችሁ የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል። አበባው የሚፈነዳው በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ከጣለ በኋላ ነው፣ በጥቂት ቀናትም ይረግፋል። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በለቀማ ወቅት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለማየት ከፈለጋችሁ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅ፣ የትብብር ደብዳቤ ካላችሁም ይረዳል። ጠዋት ስትሄዱ ግን መፈልፈያው ቆሞ ታገኙታላችሁ፤ ምክንያቱም ገበሬው ቀን ሲለቅም ውሎ እሸቱን የሚያመጣው ወደ ማታ ነው፣ ማሽኑም የሚነሳው ያኔ ነው። ጠዋት የሚታየው በገንዳ ውስጥ ሲብላላ ያደረው ቡና ሲታጠብና ሴቶች ከማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰበረውንና የቆሰለውን ፍሬ ሲለቅሙ ነው። ጎንበስ ብላችሁ እፍኝ ቡና ብታነሱ ፍሬውን የሸፈነው ስስ ገለባ ገና እርጥብ ከሆነ ጥፍር ያስገባል፣ የደረቀው ግን ይሰነጠቃል። አልጋው ላይ ያለውን ከመንካታችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ። ሽቶና ዘይት ያለበት እጅ ቡናው ላይ ሽታ ይተዋል።

ቡና መግዛት ካሰባችሁ ለቤት የሚሆን የተቆላ ከሱቅ በደረሰኝ ግዙ። ጥሬ ቡና በጆንያ ጭናችሁ አትውጡ፤ የቡና ዝውውር ቁጥጥር አለበት፣ ኬላ ላይ ይያዛል።

7፡30 ከአጋሮ ተነስታችሁ 9 ሰዓት ሳይሞላ ጅሬን ናችሁ። ከከተማው መሃል ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ዳገት። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙ ናቸው። ቤቱ ለምን እስከ ዛሬ ቆመ ለሚለው መልሱ ፖለቲካቸው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን አስከበሩ። ጎረቤታቸው ከፋ ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በ1897 ሲወድቅ ጅማ ገበያዋም ንግዷም አልተነካም። ሒርማታ የሚባለው ሰፈር የዚያ ዘመን የሐሙስ ገበያ ቦታ ነው፤ ወደ ሆቴል ስትመለሱ አስጎብኚው ያሳያችሁ። ቤቱ ላይ የምትመለከቱት በረንዳውን፣ የእንጨት ሥራውንና ሰገነቱን ነው። ፎቁ እንጨት ስለሆነ አራት አምስት ሆናችሁ በተራ ውጡ፤ እድሳት ላይ ሆኖ ፎቁ ተዘግቶ ከሆነ ክፍያ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ለእናትየው ደረጃው ይከብዳል፣ የታችኛው ክፍልና ግቢው ይበቃቸዋል። ግቢው ውስጥ መስጊድ አለ፦ ጫማ ማውለቅ፣ ሴቶች ፀጉር መሸፈን፣ ሰው እየሰገደ ከሆነ ደጅ መቆየት።

ከዚያ በርጩማ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው፣ እግሩ ተገጥሞ የሚሠራ አይደለም። ገልብጣችሁ እግሩና መቀመጫው የሚገናኙበትን እዩ፤ መስመር ወይም ኮላ ካለ ተጣብቋል። ከመጠኑ በላይ ከከበደና ሆዱን ስትነኩት ከቀዘቀዘ እንጨቱ እርጥብ ነው፤ የጅማን እርጥበት ለቆ አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ሲገባ በወር ሳይሞላው ይሰነጠቃል። ጥቁር ቀለም በደንብ የተቀባው ላይ ስንጥቁ በሰምና በመጋዝ ዱቄት ተደፍኖ ሊሆን ስለሚችል በጥፍር ጫር አድርጉት። ቀለም ያልተቀባ ዋንዛ ይሻላል።

ቦዬ ከከተማው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው። ጉማሬው ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ለግጦሽ የሚወጣው ሲመሽ ስለሆነ ከ11፡30 እስከ 12፡15 ያለው ሰዓት ነው ደህናው። ከመንገዱ በኩል ሆናችሁ እዩ፣ ልጆቹ መኪናው አጠገብ ይሁኑ። ጉማሬ ከውሃው ሲወጣ በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው አደጋ ላይ ነው፣ ከሰውም ይበልጥ ይሮጣል። ትንኝ ስላለ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ቅዳሜ ካልደረሰ አትጨነቁ፤ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ከወጣችሁ እዚያው ታልፋላችሁ፣ ወፎቹም በጠዋት ይበዛሉ።

እሑድ ግልገል ጊቤን ከመንገድ ላይ ታዩታላችሁ። የሚታየው የመጀመሪያው ግድብ ሐይቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ። ለሐይቁ አሥር ደቂቃ ቁሙ። ግድቡ ራሱ ጋ መግባት ፈቃድ ይፈልጋል፣ ካሜራም አታውጡበት። ከአበልቲ ወደ ጊቤ ወንዝ ድልድይ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ይውረደው፤ ፍሬን እየረገጠ ከወረደ ታች ሳይደርስ ሸራው ይቃጠላል። ሽታው ከመጣ ቆሞ እስኪበርድ መጠበቅ ነው እንጂ ጎማው ላይ ውሃ መድፋት አይደለም፤ የጋለው ብረት ይሰነጠቃል።