በ23 ማን ይራባል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ፒያሳ ነው። እኔና ስድስት የሥራ ባልደረቦቼ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ጽዋ ጀምረናል። በየወሩ ሁለት ሁለት ሺህ ብር እናዋጣለን። በ23 አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ ነዳያንን ልናበላ አስበን ነበር። አንዷ "ሥጋ ከሌለው ዝክር አይባልም" አለች። ሌላው ደግሞ "በር ላይ ማብላት ሥራ ፈት ማብዛት ነው፤ ብሩን ለድርጅት ሰጥተን እንገላገል" ይላል። ልንጣላ ነው። ምን ይሉናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጊዮርጊስ ማኅበራችሁን ይባርክ። መኮራረፍ እንኳ ከማኅበር አይጠፋም። እኛ ሰንበቴ ላይ በዳቦ ውፍረት ተጣልተን እናውቃለን።

መጀመሪያ ቀኑን ቀይሩት። በ23 አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ ማን ይራባል? የሚመጣውን ዳቦ አይተኸው የለ! ነዳያኑ የወሩን ቀን ከእኛ በላይ ያውቁታል። በ7 አራት ኪሎ ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም። የተረፈውን እንጀራ ፀሐይ ላይ አስጥተው ድርቆሽ ያደርጉታል። ጭንቁ በ25 እና በ26 ነው። ድሮ በዚያም ቀን ከየግቢው ትራፊ ይወጣላቸው ነበር። በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ ግን ትራፊውን የሚያወጡት እናቶች ዳር ከተማ ገብተዋል። ስለዚህ ጽዋችሁን በ23 ጠጡ፤ ድስቱን በ25 ጣዱ። ጊዮርጊስ አይቀየማችሁም።

ሥጋውን ተዉት። በር ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ክርስቲያን አይደለም፤ ሙስሊሙም አብሮ አለ። እኛ ያረድነውን አይበላም። አንድ ጊዜ ቅቅል ይዘን ሄድን። አንዲት እናት ሳህኗን ወደ ኋላ ሸሸግ አድርጋ "ለእኔ ዳቦውን ብቻ" አለችኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ምስርና ሽሮ ነው። ረቡዕና ዓርብ ቢውልም አያስጨንቅም። እንጀራውን ደግሞ ፈትፍቱት፤ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው።

ድርጅት ያለውም አልተሳሳተም፤ "እንገላገል" ማለቱ ነው ያልጣመኝ። የታመመን ሰው በሽሮ አታድኑትም። ስድስት ኪሎ የማዘር ቴሬዛ እህቶች ቤት አለ፤ አስታማሚ ያጣውን በሽተኛ ይቀበላሉ። መቄዶንያ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና ያነሣል። እንዲህ ያለ ቤት ሳሙናና ዳይፐር መቼም አይበቃውም። ብር ብቻ አትላኩ፤ ቅዳሜ ሄዳችሁ ልብስ እጠቡ።

"ሥራ ፈት" ለሚለው ልጅ ግን የራሴን ልንገረው። አንድ ዓመት በጥቅምት ብርድ አዳዲስ ብርድ ልብስ አደልን። በሳምንቱ አንዷ ልጅ ሸጣው አገኘኋት። ጮህኩባት። "እትዬ፣ ቀን ቀን የት ላስቀምጠው? ተሸክሜው ሥራ ልጠይቅ?" አለችኝ። ለካ ሥራ ትጠይቅ ኖሯል! ሰው ቤት ለመቀጠር መታወቂያና ተያዥ ይሏታል። መታወቂያ ለማውጣት ከአገሯ መሸኛ ያስፈልጋታል። ለመሸኛው መሳፈሪያ የላትም። ብርድ ልብሱን የሸጠችው ለዚያ ነበር፤ አልሞላላትም እንጂ።

የቀረውን ከሰንበቴው ሞላንላት። ሄዳ መሸኛዋን ይዛ መጣች። ተያዥነቱ ላይ ግን ሁላችንም ድምፃችን ጠፋ። ብር መስጠት ይቀላል። ነገ አንድ ነገር ቢጎድል ተጠያቂ መሆን ሌላ ነው። እኔም ፈርቻለሁ፤ አልዋሽህም። ሦስት ሳምንት ስንነታረክ ከሁላችንም የባሰች ድሃ፣ በጡረታ የምትኖር እናት ተነሥታ ፈረመች። ልጅቷ ተቀጠረች። አሁንም እዚያው ቤት ናት።

እንግዲህ ከ14 ሺሁ ሁለቱን ሺህ ለመሳፈሪያ ለብቻ አኑሩ። በ25 ስትወጡ ተቀምጣችሁ አብራችሁ ብሉ፤ የጎደለውን የሚነግሯችሁ ያኔ ነው። ፎቶ አታንሡ። ውሃም አትርሱ፤ እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽሮ ብቻ ይዘን ስንሄድ ኖረናል።